የአምባዛው ጠባሳ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥታ፣ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ጥብስ ቆሮሶ ዓሣ ስንበላ ያወራችው ወሬ ጉርሻዬን መልሼ እንዳስቀምጥ አደረገኝ።

"አባዬ፣ አምባዛ ቆዳው ሲቆስል ከገዛ ሰውነቱ ፕሮቲን ትንሽ ቁራጭ እየለየ ጀርም ይገድልበታል አሉ" አለችኝ።

እሷ የምታወራው ትምህርቷን ነው፤ እኔ ግን የታየኝ የሰይድ እጅ ነው።

ሰይድና እኔ በጎረምሳነታችን በእኔ ታንኳ አብረን ዓሣ እናጠምድ ነበር። እሱ ለጂዳ ቪዛው ወጥቶለት መሄጃውን ይጠባበቅ ነበር። ያኔ እኛ ክርስቲያኖቹ ቅርፊት የለውም ብለን አምባዛ አንነካም። ሰይድ ይበላል፤ ከእኔ ጋር ሲሆን ግን "ታንኳህን አላረክስብህም" ብሎ ይለቀዋል። እንዲህ ነው የእኛ አገር ሰው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ውሃው ገና እንደደፈረሰ፣ አንድ ግዙፍ አምባዛ መረባችን ውስጥ ተተበተበ። ሰይድ ሊያስለቅቀው መረቡን በቢላ ሲቆርጥ ዓሣው ተወራጨ። ቢላው የዓሣውን ጀርባ ሰንጥቆ በዚያው የሰይድ መዳፍ ውስጥ ገባ። አምባዛው እየደማ ጠለቀ።

"እሱስ አለቀለት" አልኩ።

"ምስኪን!" አለ ሰይድ፣ እጁን በሽርጡ እየጠቀለለ።

ወይ ጉድ! የሰይድ እጅ አበጠ፣ መገለ፣ ሽታው ቤት አላስገባ አለ። እናቱ ዱዓ አስደረጉ፣ እናቴ ጠበል አመጣች። ደሴ ሆስፒታል ስናደርሰው ሐኪሙ ፋሻውን ሲፈታ ፊቱ ተለዋወጠ። እጁን ከአንጓው ቆረጡት። ጂዳም በዚያው ቀረ።

መስከረም ማብቂያ ላይ አደይ አብቦ ሳለ፣ ሰይድ "ብቻህን አትሄድም" ብሎ አብሮኝ ወጣ። መረቡን ስንስብ ያ አምባዛ ብቅ አለ። ራሱ ነው! የቢላው መስመር ጀርባው ላይ አለ፤ ግጥም ብሎ ድኗል።

"ወላሂ፣ አንድ ቢላ ነው የቆረጠን!" አለ ሰይድ። "እሱ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ዳነ፣ እኔ ሐኪም እያለልኝ..." በቀረችው እጁ ጠባሳውን ዳሰሰና ለቀቀው።

"ታዲያ ከሱ የተሠራው መድኃኒት የታለ?" አልኳት ልጄን።

"ገና እየተጠና ነው። ደሞ አደራ፣ ቁስል ላይ ዓሣ እንዳትቀባ!"

ወዲያው ለሰይድ ደወልኩ። ነገሩን ነገርኩት።

"አይ ወንድሜ" አለ፣ "ከዚያች ቁራጭ ትንሽ ቢያካፍለኝ ምን ነበረበት?" ብሎ ሳቀ።

እኔ መሳቅ አቃተኝ። ያን ቀን ቢላ ያነሳው ለእኔ ሃይማኖት ብሎ ነበር።