በኋላው ረድፍ የተሰማ ጊታር

ሳሎንታይ ኤቴልካ ጊታር ማስተማር የጀመረችው በሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ምድር ቤት፣ ከድንጋይ ከሰሉ ክምር አጠገብ ነው። በቲሳ ወንዝ ዳር ባለችው በዚያች ትንሽ ከተማ ፒያኖውም ቫዮሊኑም ፎቅ ላይ ክፍል ነበራቸው፤ ጊታር ግን "የመጠጥ ቤት ዕቃ" ተብሎ ወደ ታች ተላከ። ኤቴልካ አልተከራከረችም። እሷ ራሷ ቡዳፔስት ስትማር የጊታር ክፍል ስላልነበረ በፒያኖ ተመዝግባ፣ ጊታሩን በትርፍ ሰዓቷ ከአንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ነው የቀሰመችው። ስምንት ዓመት ሙሉ ከእጇ ላይ የከሰል ብናኝ እያራገፈች አስተማረች።

የሃንጋሪ ሕዝብ አመፅ በሶቪየት ታንኮች ከተጨፈለቀ በአሥረኛው ዓመት፣ በጸደይ፣ ዳይሬክተሩ ባርዶስ ቬንዴል ቢሮው አስጠራት።

"ሐሙስ ከቡዳፔስት ኮሚቴ ይመጣል" አላት ከወረቀቱ ቀና ሳይል። "የጊታሩ ክፍል ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አንቺ በትልቁ አዳራሽ ትጫወቻለሽ።"

"ጓድ ዳይሬክተር፣ ትልቁ አዳራሽ እኮ ለኦርኬስትራ የተሠራ ነው።"

"የኋላ ወንበር የማይደርስ ድምፅ ለሠራተኛው ሕዝብ ምን ይፈይዳል? ካልተሰማ አበቃ።"

የጊታር ድምፅ ርቆ የሚሄደው በጥፍር ሲመታ ነው። ኤቴልካ የቀኝ እጇን ጥፍሮች እንደ ዓይኗ ብሌን ትጠብቃቸው ነበር፤ ሰሃን የሚያጥበው እንኳ ባሏ ነው፣ ጎረቤት እያማው። ሐሙስ ጠዋት ግን የምድር ቤቱን የብረት በር ነፋስ ወርውሮ ሲዘጋው የቀለበት ጣቷን ጥፍር ከሥሩ ገመሰው። ኮሚቴው ሊሰበሰብ ሁለት ሰዓት ቀርቶታል።

የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ሮዛል ደረጃው ላይ ኩርምት ብላ አገኟት።

"ምን ሆነሻል? ሰው ሞተ?"

"ጥፍሬ ተሰበረ፣ እትዬ።"

"ለጥፍር ነው ፊትሽ አመድ የመሰለው? እኔ ስድስቱን ሰብሬ ወለል እወለውላለሁ!"

ነገሩን ስታስረዳቸው ሳቃቸው ጠፋ። "የፒንግ ፖንግ ኳስ ባገኝ" አለች ኤቴልካ፣ "ከሱ ቆርጬ በሙጫ እለጥፍ ነበር። መምህሬ ሲያደርገው አይቻለሁ።"

እትዬ ሮዛል መወልወያቸውን ጥለው ወጡ። ሲመለሱ ኳሱ በእጃቸው ነው። "ከባቡር ሠራተኞች ክበብ ነው" አሉ እያለከለኩ፣ "ጨዋታው መሃል ገብቼ ቀለብኩት። እስካሁን እየሰደቡኝ ነው።"

ሦስቱ የኮሚቴ አባላት ሆን ብለው መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጡ፤ ዳይሬክተሩም ከጎናቸው። የመጀመሪያው ዜማ በሰላም አለፈ። በሁለተኛው መሃል ላይ የተለጠፈው ቁራጭ ተነቅሎ ጊታሩ ሆድ ውስጥ ገባ። ድምፁ ወዲያው ታፈነ። ዳይሬክተሩ ወደ ጎኑ አዘንብሎ ሲያንሾካሹክ አየችው።

አቆመች። ወንበሯን በአንድ እጇ፣ ጊታሯን በሌላው አንጠልጥላ ከመድረኩ ወረደች። የባዶ አዳራሹ ወለል ከእግሯ ሥር ይንቋቋል።

"ኤቴልካ! ምን መሆንሽ ነው?"

"ጥፍሬ ወልቋል፣ ጓድ ዳይሬክተር። ቀርቤ እጫወታለሁ።"

ወንበሯን ከኮሚቴው ጉልበት ፊት አስቀመጠች፤ ዜማውን ከመጀመሪያው፣ በባዶ የጣቷ ሥጋ ጀመረች። ጣቷ ደማ። ማንም አልሳለም፣ ማንም አልተነቃነቀም። ስትጨርስ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ አንገተ ወፍራሙ ሰውዬ፣ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ።

"ስንት ተማሪ አለሽ?"

"ዐሥራ ዘጠኝ።"

"ስንት ጊታር?"

"ስድስት።"

አንድ ነገር ጽፎ ወጣ።

ሦስት ሳምንት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። በመጨረሻ ዳይሬክተሩ ኮሪደር ላይ አስቁሞ ደብዳቤውን አነበበላት፦ ክፍሉ ለሁለት ዓመት ሙከራ ይቀጥላል። "እኔ ግን ፎቅ ላይ የምሰጥሽ ክፍል የለኝም" ብሎ ሄደ።

ያ "ሙከራ" ማብቂያ አልነበረውም። በየሁለት ዓመቱ ጸደይ ሲመጣ ኮሚቴ ይመጣል፣ እሷም ትፈተናለች። በገጠር ባህል አዳራሾች ተጫወተች፣ አንድ ጊዜም ፕራግ ድረስ ተጋበዘች፤ ከተማሪዎቿ ሰባቱ መምህር ሆኑ። ሰው ግን "መቼ ነው የምታርፊው?" ሲላት "ሲያጸድቁልኝ" ነበር መልሷ።

ጡረታ በወጣችበት ዓመት ብቻ ኮሚቴው ቀረ። ይልከው የነበረው መንግሥት ራሱ ፈርሶ ነበር። ኤቴልካ ግን ክረምቱን ሙሉ ስትለማመድ ስለከረመች፣ ያዘጋጀችውን ለመጨረሻዎቹ ተማሪዎቿ ተጫወተችላቸው።