የሒክማ ዋስ

ሒክማ አሊዪ ከሁለት መቶ አሥራ አራት ተፈታኞች አንደኛ ወጣች። የሥራ ቦታው አንድ ብቻ ነበር። ሸዋ ሮቢት ላይ አዲስ ቅርንጫፍ የከፈተ የብድርና ቁጠባ ተቋም የኮምፒውተር ባለሙያ ፈልጎ፣ በወር ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ብር እከፍላለሁ ብሎ ማስታወቂያ አውጥቶ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ይህን ደሞዝ የነገራት ሰው ቢኖር ቀልደኛ ነው ብላ ትስቅ ነበር። አሁን ግን ሰሌዳው ላይ ስሟን ስታነብ እንባዋ መጣ፤ ሰው እንዳያያት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በሻሿ ጫፍ ጠረገችው።

ያን ጊዜ አዲስ አበባ ነበረች። ለውጭ አገር ደንበኞች ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ሠላሳ ሁለት ሺህ ብር ይከፍላት ነበር፤ በትውልድ ወረዳዋ በቀወት ገጠር የአሊዪ ልጅ ቁጭ ብላ ጣቷን ብቻ እያንቀሳቀሰች ብር ታፍሳለች ተብሎ በየሽንኩርት ማሳው ይወራ ነበር። ከዚያ የውጭዎቹ ደንበኞች በየተራ እጃቸውን ሰበሰቡ። እነሱም አገር ኑሮው ጠበበ፣ ሥራ ቀዘቀዘ፣ የሦስት ሰው ሥራ አሁን አንድ ማሽን ይጽፈዋል ተባለ። የድርጅቱ ባለቤት ሠራተኞቹን ሰብስቦ እንደ ቤተሰብ እንተሳሰብ አለና የሒክማን ደሞዝ ወደ አሥራ ዘጠኝ ሺህ አወረደው። ቀጥሎ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ምንም ሳይከፍላት እንደ ቤተሰብ አሳሰባት። በአራተኛው ወር ጠዋት ሲሄዱ ቢሮው ተከርችሞ፣ ቤተሰቡም በአንድ የቴሌግራም መልእክት ተበትኖ አገኙት።

ስድስት ወር በየቢሮው ደጅ ጠናች። አንዱ የአምስት ዓመት ልምድ ይጠይቅና የጀማሪ ደሞዝ ያቀርባል። ሌላው ልምድ እንድታገኚ ሦስት ወር በነፃ ሥሪልን ይላል፤ ሦስት ወሩ ሲያልቅ ልምድ የቸገረው ሌላ ምስኪን ያስገባል። የቤት ኪራዩ ከአቅሟ በላይ ሲሆን ላፕቶፗን ሸጣ፣ ፍራሿን ለጎረቤት ትታ፣ የደሴ አውቶብስ ተሳፍራ ወደ ሮቢት ወረደች።

መናኸሪያው አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ስልክ መጠገን ጀመረች፤ በኢንተርኔት የሚሞላ ፎርም ላለውም ሰው ትሞላለች። ከቀትር በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ላቧ ከግንባሯ እየወረደ የተፈታታው ስልክ ላይ እንዳይንጠባጠብ አንገቷን ወደ ጎን አዘንብላ ነው የምትሠራው። የተቋሙ ማስታወቂያ የወጣ ሰሞን የአካባቢው ተመራቂ እሷ ዘንድ ተሰለፈ። በሠላሳ ሠላሳ ብር የአርባ ሦስት ሰው ፎርም ሞላች፤ ተፎካካሪዎቿን በገዛ እጇ መዘገበቻቸው ማለት ነው። የአንዱንም ስም አልዘለለችም፣ የአንዱንም ውጤት አላሳሳተችም። እንዲህ ያለውን ነገር ብታስበው እንኳ እጇ አይታዘዝላትም።

የጓጓችው ደግሞ ያለ ነገር አልነበረም። የሱቁ መሳቢያ ውስጥ ፓስፖርቷ ተቀምጧል። ክረምት ሳይገባ ሥራ ካላገኘች ጅዳ ሄዳ የሰው ቤት ልትሠራ ከደላላ ጋር ጨርሳለች። የአክስቷ ልጅ ከዚያው ስትመለስ አንድ ጆሮዋ አይሰማም ነበር፤ ለምን እንደሆነ ከቤተሰቡ ደፍሮ የጠየቀ የለም። ሒክማ ሰሌዳው ላይ ስሟን ስታይ መጀመሪያ ያሰበችው ደሞዙን ሳይሆን ያንን ጆሮ ነው።

የሰው ኃይል ሠራተኛዋ ራሔል እንኳን ደስ አለሽ ካለቻት በኋላ አንዲት ወረቀት ሰጠቻት። ዋስ ያስፈልጋል። ዋሱ ቋሚ ሠራተኛ መሆን አለበት፣ ደሞዙ ከእሷ ደሞዝ ማነስ የለበትም፣ መሥሪያ ቤቱ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ መጻፍ አለበት፤ ለአንድ ሰው የቆመ ደግሞ ለሌላ ሰው መቆም አይችልም። የተሰጣት ጊዜ አሥራ አምስት ቀን ነው። በአሥራ አምስተኛው ቀን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ደብዳቤው ካልገባ ተጠባባቂው ይጠራል።

የሒክማ ዘመድ እስከ ሰባት ቤት ቢቆጠር ደሞዝተኛ የለበትም። አባቷ አሊዪ ማሾና ሽንኩርት የሚያወጣ መሬት አለው፣ ሁለት በሬ አለው፣ አገር የሚያከብረው ስም አለው። ከእነዚህ አንዱም ዋስ አይሆንም። አሊዪ ግን ነገሩን ሲሰማ ቅንጣት አልደነገጠም። «ሞገስ አለልን» አለ።

ሞገስ በወረዳው ከሚገኙ ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ከደጋ ተመድቦ ሲመጣ የሮቢት ወባ በሁለተኛው ሳምንት ጣለው። ዘመድ የለው፣ አስታማሚ የለው፤ አሊዪ ለገበያ በመጣበት አይቶት በአህያ ጭኖ ቤቱ ወሰደና ሦስት ሳምንት ወተት እያጠጣ አስነሣው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የሽንኩርቱ የመጀመሪያ ጆንያ ሞገስ ቤት ይገባል። አሊዪ ጆንያውን ሳያደርስ ገበያ የወጣበት ዓመት የለም።

ሞገስ አባትና ልጁን ሳሎን አስቀምጦ ሰማቸው። ይሄማ ምን ጥያቄ አለው፣ ሒክማ ለኔም ልጄ ናት አለ። የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ግን ወልዳ ፈቃድ ላይ ስለሆነች ደብዳቤውን ራሷ ሒክማ አሳምራ ጽፋ እንድታመጣለት፣ እሱ ማኅተም ማሳረፍ ብቻ እንደሚቀረው ነገራት። አሊዪ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገለት።

ሒክማ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ እየሰረዘች ጻፈችው። ዙሪያውን በድርብ መስመር ከበበችው፤ ደሞዙን፣ የቅጥሩን ዘመን፣ የሥራ መደቡን በሠንጠረዥ አስቀመጠች። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ውስጥ ማንም የማያስገባትን አንዲት ሐረግ ደግሞ ከራሷ ጨመረች፤ ሞገስ ዋስ የሚሆኑት «በቅንነትና በሙሉ ፈቃዳቸው» ነው ብላ። ውለታው እንዳይረሳ ብላ ነው። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱንም ፋይሉ ያለበትን ፍላሽም ወስዳ ሰጠችው።

ያን ቀን ሞገስ መጣሽ አይቀር ብሎ ቴሌቪዥኑን እንድታይለት ጠየቃት። ሶፋው ላይ አንድ ወጣት ተቀምጦ ነበር፤ የባለቤቴ የእህት ልጅ ነው፣ እሱም የእናንተን ትምህርት ነው የተማረው አላት ሞገስ። ወጣቱ ትሑት ነው። ፈተናው እንዴት ነበር ብሎ ጠየቃት፣ እሷም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ገብታ ሽቦ እየቀጠለች በደስታ ነገረችው።

በሰባተኛው ቀን ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ያስተማረቻት ነዒማ ስልኳን ለማሠራት ሱቁ መጣች። ወሬውን ስትሰማ ደሞዜ ይበቃል፣ ነገ ከትምህርት ቤቱ አጽፌ ላምጣልሽ አለቻት። ሒክማ የማታምነው ዕድል ሆነባትና ለአባቷ ደወለች። አሊዪ ከሰማ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሞገስ ቃሉን ሰጥቶን ሳለ ሌላ ደጅ ብንቆም፣ አላመናችሁኝም ነው የሚለን። ወላሂ ከዚያ በኋላ ዓይኑን የማይበት ፊት የለኝም።»

ሒክማም ፊት አልነበራትም። ነዒማን አመስግና፣ ሰው አግኝቻለሁ ብላ ሸኘቻት። ነዒማ በአሥረኛው ቀን ለአጎቷ ልጅ ዋስ ሆነች፤ ያ በር በዚሁ ተዘጋ። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለውን ይሉኝታ ያስተማረንን ሰው ባገኘው የምለው ነበረኝ።

የሞገስ ምክንያት ግን አላለቀም። አንድ ቀን ማኅተም ያዡ ስብሰባ ሄዷል። አንድ ቀን ደብዳቤው ተፈርሟል፣ ቁጥር ነው የቀረው። አንድ ቀን ደግሞ ያመጣሽው ወረቀት ቡና ፈስሶበታል፣ ሌላ አምጪ። አመጣች። በየመካከሉ የባለቤቱን ስልክ ጠገነች፣ የልጁን ታብሌት ከፈተች፣ ለዚህ ሁሉ አምስት ሳንቲም አልጠየቀችም። በአሥራ አራተኛው ቀን የሞገስ ስልክ ዝግ ሆነ።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት የሞገስ መሥሪያ ቤት ስትሄድ ዘበኛው ለሥልጠና ደብረ ሲና ወጥተዋል አላት። በሚኒባስ ዳገቱን ወጣች። በሮቢት ሙቀት የለበሰችው ስስ ቀሚስ የደብረ ሲናን ነፋስ አልቻለም፤ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ስብሰባ ይኖርበታል የተባለውን አዳራሽ ሁሉ ዞረች። ሥልጠና የሚባል ነገር አልነበረም። ስትመለስ የጭነት መኪኖች ቁልቁለቱን ዘግተው አዘገዩአትና ተቋሙ ደጅ የደረሰችው አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ራሔል መስኮቱን እየዘጋች ነበር። ክፉ ሰው አይደለችም፤ መመሪያው ነው እህቴ፣ እኔ ምን ሥልጣን አለኝ አለቻት በለሰለሰ ድምፅ። የለሰለሰው ድምፅ ከቁጣ ይብሳል።

ከአራት ቀን በኋላ ራሔል ደወለች። ለቅርንጫፉ የተላከው ስካነር አልነሣ ብሏል፣ አዲሱ ባለሙያም ብዙ ታግሎ አቅቶታል፤ አንደኛ የወጣሽ አንቺ ነሽና ለአንድ ቀን መጥተሽ ብትሠሪልን አራት መቶ ብር እናስብልሻለን አለች። ሰው ነውር ያውቃል ብሎ የሚያስብ ቢኖር እዚህ ላይ ተሳስቷል። ሒክማ ሄደች። አራት መቶ ብር አራት መቶ ብር ነው።

የእሷ ይሆናል ባለችው ወንበር ላይ የሞገስ ሶፋ ላይ ያየችው ወጣት ተቀምጧል። ስሙ ፍፁም ነው። ሲያያት ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላት። የሞገስ ባለቤት የእህት ልጅ ነው ተጠባባቂ የነበረው። ይህን ስታውቅም ሒክማ ለሞገስ ምክንያት ፈለገችለት፤ ምናልባት ሌላ ሰው ዋስ ሆኖት ይሆናል፣ ጋሼ ሞገስ ነገሩ ሳይመቻቸው ቀርቶ ይሆናል አለች በልቧ።

ስካነሩ ምንም አልነበረውም፤ አብሮት መጫን የነበረበት ፕሮግራም አልተጫነም። አሥር ደቂቃ ፈጀባት። ራሔል መሥራቱን ለማየት ከጠረጴዛዋ ላይ በእጇ የገባላትን የመጀመሪያ ወረቀት አቀበለቻት፤ የአዲሱ ሠራተኛ ዶሴ ነው፣ ከሠራ ይሄንንም በዚያው እናስገባዋለን አለች። ሒክማ ወረቀቱን አስገባችና ወደ ስክሪኑ ዞረች።

መጀመሪያ የመጣው ድርቡ መስመር ነው። ከዚያ ሠንጠረዡ። ከዚያ ሞገስ ዋስ የሚሆኑት «በቅንነትና በሙሉ ፈቃዳቸው» መሆኑ። የእሷ ስም በነበረበት ቦታ የፍፁም ስም ገብቷል፤ ከዚህ በቀር አንድ ፊደል አልተነካም። ከማኅተሙ ሥር ያለውን ቀን አነበበች። ውጤቱ በተለጠፈ በአምስተኛው ቀን ነው የተጻፈው። ወረቀት በቡና ተበላሸ ተብላ ሌላ ስታመጣ፣ ነዒማን አመስግና ስትሸኝ፣ ደብረ ሲና ላይ በብርድ ስትንቀጠቀጥ፣ ደብዳቤው የፍፁም ኪስ ውስጥ ነበር።

«ይህን ማን ጻፈልህ?» አለችው።

«ጋሼ ሞገስ ራሳቸው» አለ ፍፁም። «ጥሩ ይጽፋሉ አይደል?»

ውሸት የሚናገር ሰው ፊት አልነበረውም፤ የነገሩትን ነው የነገራት። ሒክማ ምስሉ ትንሽ ተጣሞ ስለነበር አስተካከለችው፣ በፍፁም ስም ዶሴ ከፍታ አስቀመጠችው፣ ትክክል መሆኑን ደግማ አየች። አራት መቶ ብሯን በፊርማ ተቀብላ ወጣች።

በዚያው ሳምንት አሊዪ የዓመቱን የመጀመሪያ የሽንኩርት ጆንያ በባጃጅ ጭኖ ሱቁ ደጅ ቆመ። ሒክማ ያየችውን ሁሉ ነገረችው፤ ፓስፖርቷን ለደላላው መስጠቷንም አልደበቀችም። አባቷ ሲሰማ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ሲበቃው ጆንያው ላይ እጁን አሳረፈ።

«ሰዲቅ ሊመረቅ ሁለት ዓመት ቀረው» አለ። ሰዲቅ ታናሽ ወንድሟ ነው። «ያን ጊዜ እሱንስ ዋስ አምጣ ይሉት የለ? ደሞዝተኛ የምናውቀው ሞገስን ብቻ ነው። በይ፣ ግቢ፣ ሲወርድ በዚያ በኩል ትይዥልኛለሽ።»

ጠላችው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷን ጠላችው፤ ትክክል ስለሆነ ነው የጠላችው። ሱቁን ቆልፋ ባጃጁ ውስጥ አጠገቡ ተቀመጠች።

ሞገስ በሩን ራሱ ከፈተ። ጆንያውን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ዘንድሮ ሽንኩርቱ ፍሬው ትልልቅ ነው ብሎ አደነቀ፣ በልጅቷ ነገር ልቡ እንዳዘነና የቢሮ አሠራር እንዳሰናከለው ተናገረ፣ እግዜር ያመለጠውን በሌላ ይክሳል አለ። አሊዪ አሜን አለ። ሒክማ የጆንያውን አንድ ጫፍ እንደያዘች ቆማለች። ጅዳ ልትሄድ መሆኑን ሲሰማ ሞገስ አንድ ነገር ትዝ አለው።

«ያ ቴሌቪዥን እንደገና እምቢ ብሏል» አለ። «ከመሄዷ በፊት አንዴ ብታይልኝ?»

ሒክማ አፏን ከፈተች። አባቷ ግን ቀደማት።

«ታይልሃለች እንጂ» አለ አሊዪ። «ምን ሥራ አላት?»