ሦስት ሽማግሌ ለአንዲት ቡችላ

ከጋሽ ሉልሰገድ ዘንድ ቁልፍ ማስቀረጽ ቀላል ነው። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ካለችው ጠባብ ሱቁ ሄዶ ቁልፉን መስጠት፣ ማሽኑ ጮሆ እስኪጨርስ መቆም፣ በቃ። የማን ቤት ቁልፍ እንደሆነ እንኳ አይጠይቅም። ቡችላ ለመውሰድ ግን ሦስት ሽማግሌ መላክ የግድ ነው።

ቀልድ አይደለም። እሪ በከንቱ ሰፈር ያለው ግቢው በር ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው የቆሙ ጎልማሶችን ያየ መንገደኛ ልጅ ሊያጩ የመጡ ይመስለዋል። ለውሻው ለዳማ ቡችላ መሆኑን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ጋሽ ሉልሰገድ አይስቅም። ተቀመጡ ሳይል መጀመሪያ ያቆማቸዋል፤ ወጉ ነው። ከዚያ ይጠይቃል። ግቢያችሁ አጥር አለው? ቀን ከሌት በሰንሰለት ታስራላችሁ? ለእብድ ውሻ ክትባት በየዓመቱ ማን ይወስዳታል? መጨረሻ ላይ አንዲት ጥያቄ አለችው፦ «ስትሞትስ ታለቅሱላታላችሁ?» በዚህች ጥያቄ የሳቀ ቡችላ ይዞ አይሄድም። ያልሳቀውም «እናስብበት፣ የዛሬ ሳምንት ተመለሱ» ይባላል፤ በመሃል ጋሽ ሉልሰገድ ራሱ ጠያቂዎቹ ቤት ድረስ ሄዶ አጥሩን በእጁ ይነቀንቃል።

ዳማ አንዱ ጆሮዋ የቆመ፣ አንዱ የወደቀ፣ ቀይ ውሻ ነበረች። በዕድሜዋ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያስወለዳት። «በየስድስት ወሩ ብታስወልዳት ምን አለበት?» ለሚሉት «እስቲ መጀመሪያ አንተ በየስድስት ወሩ ውለድ» ይላቸዋል። ሁለት ወር ያልሞላውን ቡችላ ከእናቱ አይለይም። ሲሰጥም እንዲህ የሚል ወረቀት ያስፈርማል፦ «ባትመቻችሁ መንገድ ላይ አትጣሏት። ወደ እኔ መልሷት። በማንኛውም ቀን እቀበላለሁ።» ከታች የእሱ ፊርማና የሱቁ ማኅተም አለ።

ባለፈው ኅዳር ዳማ በአሥራ አራት ዓመቷ ፀሐይ ላይ እንደተጋደመች ሞተች። ጋሽ ሉልሰገድ ኮባው ሥር ቀበራትና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረችው ባለቤቱ ዘውዲ እንዲህ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም። «እኔ ስሞት የዚህን ግማሽ ብታለቅስልኝ ይበቃኛል» አለችው፤ እሷም ግን ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች ነበር።

«ከእንግዲህ ውሻ የሚባል በዚህ ደጅ አይገባም» አለ። «በጊዮርጊስ!» ከዚያ ወደ ሱቁ ወርዶ በሩ ላይ «በሐዘን ምክንያት ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ለጠፈና ተመልሶ ተኛ።

ነገር የመጣው በዚህች ወረቀት ነው። የድልድዩ ነጋዴዎች እድር አላቸው፤ ጋሽ ሉልሰገድም ነባር አባል ነው። የሱቅ ጎረቤቱ ጫማ ሻጩ አብዱረህማን ወረቀቱን እንዳነበበ ለእድሩ ደወለ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ፣ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ፣ ንፍሮ ቀረበ። አሥራ ሁለት ነጋዴዎች አንድ በአንድ «እግዜር ያጥናህ» እያሉ ተቀመጡ። ማን እንደሞተ የጠየቀ አልነበረም። ለቅሶ ቤት ገብቶ «ለመሆኑ ማን ሞተ?» ማለት ነውር ነው። ጋሽ ሉልሰገድ ደግሞ ሁሉም የሚያውቁ መስሎት፣ ለዳማ ይህን ያህል ሰው መምጣቱ ልቡን ነካው።

በመጨረሻ አብዱረህማን ጠጋ ብሎ በለሆሳስ፣ «እናትህ ናቸው እንዴ ሉሌ? ዕድሜያቸው ስንት ነበር?» አለው።

«አሥራ አራት።»

አብዱረህማን ንፍሮው ትን አለው። ነገሩ ሲገለጥ አንዱ ሳቁን መቻል አቃተው፣ ሌላው ተከተለ፣ ጋሽ ሉልሰገድም ራሱ እንባውን ሳያደርቅ ሳቀ። «ድንኳኑ አንዴ ተተክሏል» አለ አብዱረህማን፤ «እንግዲህ ንፍሯችንን እንብላ።»

እየበሉ ሳለ ማክዳ ገባች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ አባቷ ከሽማግሌ ጋር መጥተው፣ ከዳማ ልጆች አንዷን የወሰደች ልጅ ናት። በአንድ እጇ የውሻዋን ገመድ፣ በሌላው የድሮዋን ወረቀት ይዛለች። ውሻዋ ቀይ ናት፤ አንዱ ጆሮዋ ቆሟል፣ አንዱ ወድቋል።

«ይቅርታ ጋሽ ሉልሰገድ፣ ለቅሶ ላይ መሆንዎን አላወቅሁም» አለች። «ሰፈራችን ለልማት ተነሣ። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ደረሰን። ጎረቤቶቼ ውሾቻቸውን ፍርስራሹ ላይ ጥለው ሄዱ። እኔ ኮከብን እንደዚያ ማድረግ አልቻልኩም።»

ጋሽ ሉልሰገድ ውሻዋን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን ተመለከተ። «ምያለሁ ማክዳ» አለ። «በጊዮርጊስ ምያለሁ። ሌላ መቅበር አልችልም።»

ማክዳ ወረቀቷን አጥፋ «እሺ» ብላ ዞረች። ወዴት እንደምትሄድ ግን እሷም አታውቅም።

«ቆይ ልጄ» አለ አብዱረህማን። ውሻዋ እንዳትነካው የሱሪውን ጫፍ ሰብሰብ አድርጎ ተነሣ። «ያለ ሽማግሌ ትመጫለሽ እንዴ? ይኸው አሥራ ሁለት ተቀምጦልሻል።» ሁለት ሰው አስነሣና ሦስት ሆነው ጋሽ ሉልሰገድ ፊት ቆሙ። «ሉልሰገድ፣ ግቢህ አጥር አለው?»

«አንተ ሰውዬ፣ ተው...»

«መልስ!»

«አለው።»

«በሰንሰለት ታስራለህ?»

«አስሬ አላውቅም።»

«ስትሞትስ ታለቅስላታለህ?»

የሳቀ የለም። ጋሽ ሉልሰገድ ድንኳኑን አየ፣ ንፍሮውን አየ፣ ኮባው ሥር ያለውን ትኩስ አፈር አየ። በመጨረሻ ያችን የወደቀች ጆሮ አየ።

«አለቅስላታለሁ» አለ።

«ለጊዮርጊስ ጧፍ ይዤ እሄድልሃለሁ» አለች ዘውዲ ከጓዳ በር። «ይቅር ይልሃል።»

ገመዱን ተቀበለ። ማክዳ እጇን ከገመዱ እንዳላቀቀች እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ፊቷን አዙራ ልትወጣ ስትል ጋሽ ሉልሰገድ ክንዷን ያዘ።

«የት ትሄጃለሽ? ያኔ ስጠይቃችሁ ከአባትሽ ኋላ ቆመሽ ‹አዎ፣ አለቅሳለሁ› ያልሽው አንቺ ነሽ። እሁድ እሁድ እየመጣሽ ታያታለሽ፤ ያለዚያ አልቀበልም።» ከዚያ በሐዘንተኛ ወግ የተቀመጠበትን ወንበር ለቀቀላት። ነጋዴዎቹም ተነሥተው አንድ በአንድ «እግዜር ያጥናሽ» አሏት።