ለማልቀስ እስከ ዴንማርክ

ከደሴ የወጣሁ ዕለት ማታ እናቴ አንድም ሰው እንዳያለቅስ ከልክላ ነበር። መንገደኛ ፊት ማልቀስ ሟርት ነው ብላ፣ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ የምትንሰቀሰቀውን ታናሽ እህቴን የሺን ወደ ጓዳ አስገባቻት። ራሷ ዓይኗ ደርቆ በሶና ዳቦ ቆሎ ሻንጣዬ ውስጥ ታጭቅልኝ ነበር። የእኔ እንባ ሲመጣ አየችና አገጬን ያዝ አደረገችኝ። «አንቺ! አሁን አይደለም። እሱን እንባ ለእኔ ለቅሶ አስቀምጪልኝ። ያን ጊዜ ጮኸሽ፣ ደረትሽን ደቅተሽ ትሸኚኛለሽ» አለችኝ። እሺ እማዬ አልኳት። አገር ቤት ያላችሁ «ታዲያ ይሄ ምን ይገርማል?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ቀላል አደራ ነበር የመሰለኝ። ከሁሉም ነገር ማልቀስ ይቸግራል ብሎ ማን ይገምታል? ምን አውቄ!

መተማን፣ ሱዳንን፣ በረሃውን አላወራችሁም። ያለፈበት ያውቀዋል፤ ያላለፈበት ባይሰማው ይሻለዋል። ብቻ በዚያች የጎማ ጀልባ ላይ ሆነን፣ ጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ማርያም ማርያም ስትል፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ዝም አልኩ። እንባዬን አላወጣሁትም። አደራ አለብኛ!

ፍራንክፈርት ገባሁ። ሮደልሃይም በሚባል ሰፈር ከባቡር ጣቢያው ጀርባ አንዲት ክፍል ከነወጥ ቤቷ ተከራየሁና ፍሉግሃፈን ጽዳት ጀመርኩ፤ አውሮፕላን ማረፊያውን ነው፣ እኛ እዚህ ያለነው እንደ ጀርመኖቹ ፍሉግሃፈን ነው የምንለው። የዚህ አገር ቲማቲም ቀይ ነው እንጂ ቲማቲም ቲማቲም አይሸትም። ፀሐዩም እንደ ቲማቲሙ ነው፤ ይታያል እንጂ አይሞቅም። ሰዉም ክፉ አይደለም፣ ሰላም ይላል፣ በሩንም ይዞ ያሳልፋል፤ ከበሩ ወዲያ ግን አንተም በቤትህ እኔም በቤቴ ነው። ለመድኩት። ሰው የማይለምደው የለም እያልኩ ለመድኩት።

እሑድ እሑድ ቤት ስደውል እማዬን አቅርቡልኝ እላለሁ። አንድ ሰሞን ጸበል ሄዳለች ተባልኩ። ሌላ ጊዜ ተኝታለች፣ ደግሞ ሌላ ጊዜ ጆሮዋ ደክሟል፣ ስልክ አይሰማትም። ሐበሻ አይደለሁ? መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ራሴ ለስንቱ ጓደኛዬ እንዲህ እያልኩ ደብቄያለሁ! ግን ሰው የሌላውን መርዶ ነው የሚገምተው፣ የራሱን አይገምትም።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍተው በኪራይ አዳራሽ አብረውኝ የሚያመልኩት ወገኖች፣ ሽማግሌዎቹ ፊት፣ ሴቶቹ ኋላ፣ ደረጃውን ሞልተው ቆመዋል። በጠዋት፣ በቡድን፣ ዝም ብሎ የሚመጣ ሐበሻ ምን እንደያዘ ማን ይነግረኛል? «እማዬን!» ብዬ ጮኽኩ። አንዷ እህት አፌን በመዳፏ ያዘችኝ። «ጎረቤት! ዘነቡዬ፣ ጎረቤት!»

የሺ ለእነሱ ደውላ የነገረቻቸው ከገና በፊት ኖሯል።

«ምነው እስከ ዛሬ?» አልኩ መሬት ላይ ተቀምጬ።

ትልቁ ሽማግሌ ጎንበስ አሉና «እህታችን፣ የመኖሪያ ፈቃድ ቴርሚንሽ ይለፍ ብለን ነው። ተረብሸሽ ቀርበሽ የሚጠይቁሽን ምን ልትመልሺላቸው? ከዚያ ቴርሚንሽ ሲዛወር እኛም አብረን አዛወርነው» አሉኝ።

እንግዲህ እናቴ ለእኔ የሞተችው በቴርሚን ነው። በቀጠሮ።

አንዴ እንደ ጮኽኩ መዝሙር ሊያነሡልኝ ሲሉ ደወል ተደወለ። ጎረቤት የጠራቸው ሁለት ፖሊሶች ናቸው፤ አንድ ወጣትና አንዲት ሴት። ወጣቱ ለብቻዬ ወደ ወጥ ቤት ወሰደኝ።

«ማን ነው የመታሽ?»

«ማንም አልመታኝም። እናቴ ሞታ ነው።»

«በጣም አዝናለሁ። መቼ ነው ያረፉት?»

በበሩ በኩል ወደ ሽማግሌዎቹ ዞርኩ። «ከገና በፊት» አሉ እያፈሩ።

ልጁ መጻፉን አቆመ። «ከገና በፊት ሞተው፣ አሁን ነው የምትጮኺው?»

ይህን በጀርመንኛ የሚያስረዳ ካለ ይምጣ። እኔ አቃተኝ። «አዎ» አልኩት፣ «አሁን ነው የምጮኸው።» የሥነ ልቦና ሐኪም እንዳይ መክሮኝ ሄደ።

በማግስቱ አከራዬ፣ ከታች የሚኖሩት ሽማግሌ ሰውዬ፣ በነጠላ ጫማቸው ደረጃውን ወጥተው መጡ። አበባ ይዘዋል፤ እውነቱን መናገር አለብኝ፣ ነጭ አበባ ይዘዋል።

«ፍራው ዘነበች፣ ሐዘንሽ ገብቶኛል። ግን ግድግዳው ስስ ነው። ቀን ከምሳ በኋላ ሩሄ ነው፣ ማታ ሩሄ ነው፣ እሑድ ሙሉውን ሩሄ ነው።» ጸጥታ ማለታቸው ነው።

«ታዲያ መቼ ላልቅስ?»

አሰቡበት። እያሾፉ አይደለም፣ ከልባቸው አሰቡበት። «ሰኞ ከቀትር በፊት ማንም ቅር አይለውም።»

«ሰኞ ከቀትር በፊት ሥራ ነኝ።»

«አዎ» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «እሱ ችግር ነው።»

ምድር ቤት የልብስ ማጠቢያው ክፍል ወርጄ ሞከርኩ፤ ሰው መጣ። ወንዙ ዳር ሄጄ ሞከርኩ፤ ውሻ የሚያናፍስ ሁሉ «ደኅና ነሽ?» ይለኛል። ወገኖቼ ደግሞ «እናትሽ እኮ ወደ ጌታ ነው የሄደችው፣ ተስፋ እንደሌለው ሰው አትሁኚ» ይሉኛል። ተስፋ አለኝ። ተስፋ ያለው ሰው አይጮህም ያለው ማን ነው? አገሬ ገብቼ መቃብሯ ላይ እንዳልደፋ፣ ሰማያዊው የስደተኛ ፓስፖርቴ፣ ፓሴ፣ ዓለምን ሁሉ ሲያስገባኝ አንድ አገር ብቻ ይከለክለኛል። የትኛውን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ጩኸቱ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እህል አልወርድ አለኝ፣ ድምፄም እንደ ወንድ ጎረነነ።

እትዬ ለተብርሃን ናቸው ያዩኝ። ኤርትራዊት ናቸው፣ አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ እኔ ሳልወለድ ጀርመን የገቡ፣ ፍሉግሃፈንን ሲጠርጉ ኖረው ጡረታ የወጡ። ሻይ አፍልቼ ስቀዳላቸው እጄን ያዙና «ጓለይ፣ ልጄ፣ ይሄ ነገር ካልወጣ ይገድልሻል» አሉኝ።

«የት ላውጣው እትዬ? አንቱ ቦታ ያውቃሉ?»

«ዴንማርክ ያለው የወንድሜ ልጅ አንዲት ደሴት አለች ይላል። መኪና የለባትም። ከመንደሯ ወዲያ ማዶ ሰው የማይደርስበት የባሕር ዳርቻ አለ አለኝ። እዚያ ሄደሽ ዋይ ብትዪ ዓሣ ነው የሚሰማሽ።»

«ለማልቀስ ዴንማርክ ድረስ!»

«ሰው ለመሳቅ ስፔን ድረስ ይሄድ የለ?»

ፈቃድ ጠየቅኩና ሄድን። ድንበሩ ላይ አንድ የዴንማርክ ፖሊስ ባቡሩ ውስጥ ገባ። ፓሴን እያገላበጠ «የጉዞው ምክንያት?» አለ። እትዬ ለተብርሃን ፈጠን ብለው «ልናለቅስ» አሉት፣ ጥርት ባለ ጀርመንኛ።

«ኡርላውብ!» አልኩ እኔ፣ «ዕረፍት ነው! ባሕር ልናይ!»

ጥቁር ቀሚሳችንን፣ ጥቁር ሻሻችንን ከላይ እስከ ታች አየው። «በዚህ ብርድ?»

«ብርድ እንወዳለን» አልኩት። እግዜር ይይልኝ፣ ከሐሩር አገር የመጣሁ ሴት!

ደሴቲቱን ስሟን ልጽፍላችሁ አልችልም፤ ዴንማርኮች ስም ሲጠሩ ግማሹን ይውጡታል። መርከቧ ስታወርደን ወደቡ ላይ የእጅ ጋሪዎች ተደርድረዋል፤ ሻንጣህን ትጭንና ራስህ ትገፋለህ። መኪና የለም፣ ጡሩምባ የለም። ቀያይ የእንጨት ቤቶች ያለ አጥር ቆመዋል። መንገድ ዳር አንድ ወንበር ላይ ድንች በከረጢት ተቀምጧል፣ ሻጭ የለውም። እትዬ ለተብርሃን ቆም ብለው አዩትና «ሌባም የላቸው፣ ሰውም የላቸው» አሉ።

በጥዶች መሃል አልፈን ወደ ማዶው ወረድን። ባሕሩ መጣ። ነጭ አሸዋ፣ ማዕበል የተፋው ጥቁር የባሕር ሣር፣ የሚገፋ ነፋስ፣ ከዚያ ወዲያ ውኃ ብቻ። ቆንጆ ነው፤ አልዋሻችሁም። ግን ባሕርን በጎማ ጀልባ የተሻገረ ሰው ቆንጆ ነው ብሎ ዝም አይልም፣ ወደ ኋላ ይላል። እኔም ወደ ኋላ አልኩ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ። አፌን ከፈትኩ።

ምንም የለም። ነፋስ ገባበት፣ ያው ነው።

ለካ ለቅሶ ብቻውን አይነሣም። የሚያነሣው ይፈልጋል፣ የሚቀበለው ይፈልጋል። ደሴ ቢሆን ሙሾ አውራጇ ስሟን ጠርታ ጓሮዋን፣ ላሟን፣ እጇን ስታነሣሣ፣ ሳላስበው ተነሥቼ ደረቴን እደቃ ነበር።

«እትዬ፣ አንቱ ያውጡልኝ» አልኳቸው።

«እሺ» አሉ። ሻሻቸውን ፈቱ። ሽበታቸውን ነፋሱ በተነው። «የዘነበች እናት!» ብለው ጀመሩ፣ «ልጅሽን ሳታዪ የሄድሽ፣ ልጅሽ አፈር ያላለበሰችሽ…» ድምፃቸው አማረ፣ ከፍ አለ፣ ደረቴ ሊከፈት ሲል ተሰማኝ፤ መጣ፣ መጣልኝ ስል፣ ድንገት ቃሉ ተለወጠ። «ሓወይ!» አሉ። «ሓወይ! ሓወይ!»

ወንድሜ ማለታቸው ነው። በዚያ በሁለቱ አገሮቻችን ጦርነት ጊዜ የሞተ ወንድም እንደነበራቸው የዚያን ዕለት ነው ያወቅኩት። መርዶው ሲነገራቸው ሥራ ላይ ነበሩ፤ የያዙትን ወለል ጠርገው ጨረሱና ቤታቸው ገቡ። ይኸው ነው የእሳቸው ለቅሶ። ያ ሁሉ ዘመን የተከመረው በአንድ ጊዜ ተናደ። አሸዋው ላይ ወደቁ፣ ፊታቸውን ሊቧጥጡ እጃቸውን አነሡ፣ እኔም ሮጬ ያዝኳቸው። ታላቅ ሲያለቅስ ታናሽ ይይዛል፣ ምን ላድርግ? «ይበቃዎታል እትዬ፣ ራስዎን አይጉዱ፣ ለእኛ ይኑሩልን» እያልኩ፣ እየደባበስኩ፣ ዓይናቸውን በነጠላዬ እየጠረግኩ፣ የእኔ ወደ ውስጥ ተመለሰ። ሲመለስ ታወቀኝ። እንደ ድንጋይ ነው የወረደው።

ቀና ስል ውሻ ያስከተለች ሴት ከጥዶቹ ሥር ቆማለች። አየችን። ውሻዋን ሳብ አደረገችና እግሯን አቅልላ፣ እንዳትረብሸን ተጠንቅቃ፣ በመጣችበት ተመለሰች። ለእነሱ ያ ክብር ነው። እኛ አገር ግን እንዲህ ያለ ጩኸት የሰማ፣ ጠላት እንኳ ቢሆን፣ ወገቡን አስሮ ይመጣል።

እትዬ ለተብርሃን ጸጥ ብለው ተኙ፤ አሸዋው ላይ፣ እንደ ሕፃን፣ ሸክሙ ወርዶላቸው። ኮቴን አለበስኳቸው። ትንሽ ራቅ አልኩና የሺ ጋ ደወልኩ።

«እታለሜ! ምንድን ነው የሚነፍሰው? የት ነሽ?»

«ባሕር አጠገብ ነኝ። የሺ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። እስቲ እማዬን ጠርተሽ አንዴ አልቅሺልኝ። አንቺ አውጪልኝና እኔ እቀበልሻለሁ።»

ከወዲያ ሳህን ሲንኳኳ፣ ልጆች ሲስቁ ይሰማኛል።

«እህቴ» አለች ቀስ ብላ፣ «እኛ እኮ ጨርሰናል።»

«ምኑን?»

«ለቅሶውን። ጥቁራችንንም አውልቀናል። ሰፈሩ በሙሉ ነው ያለቀሰላት። ያንቺንም ድርሻ አልቅሰንልሻል፤ አልቃሿ ስምሽን እየጠራች፣ ‹የሩቋ ልጅሽ› እያለች፣ ሰው ሁሉ ባንቺ ነው ያለቀሰው። ምንም አልቀረብሽም።»

«ለእኔም አለቀሳችሁልኝ?»

«እንዴት አናለቅስልሽ! አሁን ድምፄን ባወጣ ግን ሌላ ሰው የሞተ መስሏቸው ሰፈሩ ይሰበሰባል። ልጆቹም ይደነግጡብኛል። እ? እታለሜ?»

«በቃ ተዪው» አልኳት። «አትዝጊው ግን።»

«አልዘጋሁም።»

አልዘጋችም። አንዷን ልጇን «ዝም በይ፣ አክስትሽ ናት» ስትል ሰማኋት። ውኃው እየመጣ እግሬ ሥር ይሰበራል፣ ይመለሳል። ጉሮሮዬን በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ።

«አለሽ?» ትለኛለች።

«አለሁ» እላታለሁ።

ቆይታ ደግሞ «አለሽ?»

«አለሁ።»