ተፈራ በብስክሌት ባሕር የወረደ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ልጄ አዲስ የወለል ማጽጃ ገዝታ መጣች። ክዳኑን ስከፍተው የጥድ ሽታ ወጥ ቤቱን ሞላውና መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ። ፋብሪካ የቀመመው ሽታ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ከአሥር ዓመት በላይ ወደ ኋላ፣ ባለቤቴ ተፈራ በስድሳ አራት ዓመቱ በብስክሌት ባሕር ወደ ወረደበት ጊዜ ወሰደኝ።

ያኔ የምንኖረው ቴክሳስ ውስጥ፣ ሮውሌት በምትባል ከተማ፣ ሐይቁ አጠገብ ነበር። ተፈራ አየር ማረፊያ ሻንጣ ሲጭን ቆይቶ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። ዕድሜ ልኩን ባሕር ያየው ከአውሮፕላን መስኮት ብቻ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ የምሥራቅ ቴክሳስን ጫካ አቋርጠው እስከ ባሕሩ ዳርቻ ሦስት ቀን፣ ከዚያም ባሕሩን ታከው አንድ ቀን በብስክሌት ሊሄዱ መሆኑን ሲሰማ ካልሄድኩ አለ። «በመኪና ማንም ይደርሳል፤ እኔ በእግሬ ገፍቼ ነው የማየው» አለኝ። እንዲህ ያለ ረጅም ንግግር ከሱ ከሰማሁ ቆይቼ ነበርና አልተከራከርኩም። የእኔ ድርሻ ውሃና ጓዝ የጫነውን ቫን ነድቼ ቀድሜ መድረስና ምሳ ይዤ መጠበቅ ሆነ።

ባል ሳይመጣ አይበላም ተብዬ ነው ያደግሁት። በሠላሳ ስድስት ዓመት ትዳር፣ ፈረቃው ሲረዝም እንኳ ሰሃኑን ከድኜ እጠብቀው ነበር። በጫካውም ያንኑ አደረግሁ። የጥድ ዛፎቹ ረዣዥምና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ፀሐይ ሲያገኛቸው ሙጫቸው ይሸታል፤ የረገፈው ቅጠላቸው ቡናማ መርፌ መስሎ የመንገዱን ዳር ይሸፍነዋል። የቫኑን በር ከፍቼ፣ ምሳውን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ የአንዲት ወፍ ግንድ መደብደብ ብቻ እየሰማሁ ስጠብቅ፣ በዓለም ላይ ከእኔ ሌላ ሰው የቀረ አይመስለኝም ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ተፈራ ከወጣቶቹ እኩል ደረሰ። በሁለተኛው ቀን ቀደማቸውና ከብስክሌቱ እንደወረደ ሣሩ ላይ ወደቀ፤ ባቱ ተኮማትሮ ድንጋይ ሆኗል። ቢኒያም የሚባል፣ አርባውን ያለፈ፣ ቦርጫምና ተጫዋች ባልደረባው እግሩን እያሸ፣ «ጋሼ፣ ሬስ አይደለም እኮ! ለኦሎምፒክ የመረጡዎት መሰለዎት?» አለው። ቀጥሎም ኮስተር ብሎ፣ «ሶ ነገ ቫኑ ላይ ይውጡ፣ ኦኬ? ማለቴ፣ ባሕሩ የትም አይሄድም» አለ።

«ሞቼ ነው ቫን ላይ የምወጣው» አለ ተፈራ።

ውሃ ልቀዳ ስሄድ ቢኒያም ተከተለኝ። «እትዬ፣ ጋሼን የሚገድሏቸው እርስዎ ነዎት» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መንገዱን ሙሉ ‹እሷ ሳትበላ ነው የምትጠብቀኝ› እያሉ ነው የሚበሩት።»

ውሃዬን ቀድቼ ተመለስኩ። ሳልበላ መጠበቄን አክብሮት ነው ብዬ ስኖር፣ እሱ ደግሞ ከኋላው እንደሚገፋው እጅ ቆጥሮት ኖሯል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ተፈራ የራስ ቁሩን ሳያጠልቅ ፊቱ ቆሜ የተቀቀለ እንቁላል በዳቦ በላሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከነጫማዬ እንደገባሁ ዓይነት አየኝ። እኔም እስከ መጨረሻው ጉርሻ ጨረስኩት። «ምሳዬንም እንደደረስኩ እበላለሁ፤ አንተ ቀስ ብለህ ና» አልኩት። «እትዬ ዘመናዊ ሆኑ!» ብሎ ቢኒያም ሳቀ።

ዳርቻው ላይ ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። ግራጫውን ባሕር እያየሁ ድርሻዬን በላሁ። ሌሎቹ ደረሱ፣ ዋኙ፣ ልብስ ቀየሩ። ተፈራ የመጣው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው፣ የመጨረሻው ሆኖ፣ ቀና ብሎ ግራና ቀኝ እያየ። ብስክሌቱን በጥንቃቄ አስደገፈ፣ ከነጫማው ውሃው ውስጥ ገባ፣ ጣቱን ነክሮ ቀመሰ። «እውነትም ጨው ነው» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ አሸዋው ላይ ተቀምጦ ምሳውን ብቻውን ሲበላ ጎኑ ሆኜ አየሁት። በማግስቱ ባሕሩን ታኮ ቀኑን ሙሉ ሲነዳ እኔ ከፊት ነበርኩ፤ በቫኑ የኋላ ማሳያ መስታወት ውስጥ እያነሰ እያነሰ ሄደ።

እኔ ያሰብኩት ለዚያ ጉዞ ብቻ ነበር። እሱ ግን ከሸክም የገላገለኝ መስሎት ቤት ከተመለስን በኋላም «አትጠብቂኝ፣ ብዪ» እያለ በየጠዋቱ በብስክሌቱ ወደ ሐይቁ መውጣት ጀመረ። ሲመለስ እኔ በልቼ ሰሃን እያጠብኩ ነው፤ እሱ ጀርባዬን እያየ ይበላል። መጠበቁ አይከብደኝም ልለው ብዙ ጊዜ አሰብኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አይወጣም። ከዚያ ጉዞ በኋላ እስኪሞት ድረስ ሦስት ዓመት አብረን ኖረናል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ እጃችን በአንድ ሰሃን ላይ የተገናኘው ለበዓል ለበዓል ብቻ ነው።