የመምህር ሽታው ምርቃት

መምህር ሽታው ሐይቅ ከተማ እንግሊዝኛ ሲያስተምር ሸበተ። የአምባሰል ሰው ነው፤ ቀልዱ ፈጣን፣ ቁጣው ደግሞ ከቀልዱ የቀደመ። ከትምህርቱ ሁሉ አብልጦ የሚወደው ስም ሌላውን ስም ሲገልጽ የሚለውን ነበር። «ከስም ፊት የሚቆም ስም ብዙ ቁጥሩን ደጅ አውልቆ ነው የሚገባ» ይላል ጠመኔውን እያወዛወዘ። «እኛ የመጻሕፍት መደብር ብለን እናበዛለን፤ እንግሊዝ ግን ቡክ ሾፕ ብሎ ባንዱ ይገላገላል።»

ዘንድሮ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ሪታጅ ትባላለች፤ አባቷ ኑርዬ፣ አርዲቦ ከሚባለው ሐይቅ ዳር የሚያርስ ገበሬ ነው።

«ታዲያ ቲቸር፣ ስፖርትስ ሹ ሲባል የብዙ ቁጥሯ ኤስ ለምን አልወለቀችም? ክሎዝስ ሾፕ ሲባልስ?»

ክፍሉ ሳቀ። ሽታው አልሳቀም፤ ይህን የጠየቀው ተማሪ ኖሮ አያውቅም።

«ክሎዝስ ድሮም ነጠላ የለው፣ ምኑን ያውልቅ? ስፖርትስ ግን እያለው እንቢ ብሏል። ልማድ ነው ልጄ፤ ልማድን ሕግ አይችለውም» አላት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልቡ እሷ ላይ ቀረ። የራሱ ልጅ አልነበረውም። ከትምህርት በኋላ አስቀርቶ ያስጠናታል፣ መጽሐፉን ያውሳታል። ከጦርነቱ ወዲህ የአስራ ሁለተኛን ፈተና የሚያልፈው በጣት የሚቆጠር ነው። ይህችን ዩኒቨርሲቲ ካስገባሁ ሌላ አልፈልግም ይል ነበር።

ተማሪዎቹ ለፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚጓዙበት ጊዜ ሲቃረብ ኑርዬ ገበያ ላይ አገኘው።

«መምህር፣ የሪታጅ መሄጃዋ ደርሷል። ሐሙስ ዱዓ አለን፤ እርስዎ ካልመጡ አይሆንም።»

በዚያ አገር ለዱዓ የተጠራ ሰው ጉዳዩ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ይሄዳል፣ አብሮ አሚን ይላል። ደግሞስ ምን ይጠይቃል? ከፈተናው በቀር መሄጃ ያላት አልመሰለውም።

ሐሙስ ጋቢውን ደርቦ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ከፊት አስቀመጡትና የመጀመሪያውን ምርቃት ለሱ ለቀቁለት። ሪታጅ ነጠላዋን ተከናንባ ጉልበቱ ስር ተቀመጠች።

«የወጣሽበት ይቅናሽ። እንቅፋት አይምታሽ። ያሰብሽው ይሙላልሽ። በሰላም ሄደሽ በሰላም ተመለሽ።»

«አሚን» አለ ቤቱ። የሽታው ዓይን በደስታ እንባ አቀረረ።

ኑርዬ በረጅሙ ተነፈሰ። «አልሐምዱሊላህ። ወላሂ ልቤ ሲወላውል ነው የከረመው። መምህሯ ከመረቃት ትሂድ፣ ካልመረቃት ትቅር ብዬ ነበር። እንግዲህ ሰኞ ትበራለች፤ ሪያድ አክስቷ ተቀብላ ሥራ ታስገባታለች።»

ሽታው የሰማውን ማመን አቃተው። «ፈተናውስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«እሱማ ለደላው ነው መምህር። እናቷ አልጋ ላይ ናት፣ ታናናሾቿን እርስዎም ያያሉ። አብሽሩ፣ እርስዎ መርቀዋት ምን ትሆናለች?»

የመረቀ አፍ እንደገና ተከፍቶ ምርቃቱን አይነሳም። ሽማግሌ በሞላበት፣ አሚን ከተባለ በኋላ፣ እንዴት ተብሎ? የገዛ አፉን ጠላው።

ሪታጅ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ አለች፤ ፊቷ ርሷል።

«ቲቸር፣» አለች ለሱ ብቻ እንዲሰማ፣ «እኔኮ አባቴን እንቢ ሳልል ዝም ያልኩት፣ እርስዎ አልመርቅም ብለው ያስቀሩኛል ብዬ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተከታዩን ዱዓ ጀምረው ነበር፤ ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ። እሱም ዘረጋ።