በክርስትና ስሜ የጠራኝ ኮምፓይለር

እኔ መቼም በመተት አላምንም፤ ደብረ ታቦር ቁጭ ብዬ ለመስኖ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም የምጽፍ ሰው ነኝ። የፓምፑ ቺፕ አሮጌ ስለሆነ የጻፍኩትን እሱ ወደሚገባው ቋንቋ የሚተረጉምለት የራሱን ኮምፓይለር ይፈልጋል። እሱን ከኢንተርኔት አውርጄ ከሥራችን ጋር ላገጣጥመው ስሞክር ስህተት ጻፈልኝ፤ «ወለተ ሰማዕት» የሚባል ፎልደር አጣሁ ይላል።

ወለተ ሰማዕት የክርስትና ስሜ ነው። ከእናቴና ከንስሐ አባቴ በቀር የሚያውቀው የለም። ልጅ ሳለሁ እናቴ «የማታይው ሰው በዚህ ስም ቢጠራሽ አቤት እንዳትዪ» ትለኝ ነበር።

የሥራ ባልደረባዬን ጌታሰውን አሳየሁት፤ ስሙ የኔ መሆኑን ግን አልነገርኩትም።

«ኮምፓይለሩን የሠራችው ሴትዮ ኮምፒውተር ላይ የነበረ ፎልደር ይሆናላ!» አለ። «በዚያው ስም ባዶ ፎልደር ክፈቺለትና ይለፍ።»

እውነቱን ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል። ግን እጄ እምቢ አለኝ። ቅንብሩን ቀያየርኩ፣ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፤ ያንኑ ስም ይጠራል። በመጨረሻ ተናደድኩና አፌን እንኳ ሳልከፍት በገዛ እጄ ስሜን ጽፌ ፎልደሩን ከፈትኩለት። ወዲያው አለፈ።

ጌታሰው ሲያጨበጭብ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት፣ ከአንበሳሜ።

«ልጄ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «አሁን ማን ጠርቶሽ ነው አቤት ስትይ የሰማሁሽ?»